ከድጓ ቤት እስከ ብሬል

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ጽሕፈትን ለማክበር የተነገረ በመሆኑ ብዙዎቻችን ሳንመረምር ተቀብለነዋል። ለመሆኑ መጽሐፉን ማየት የማይችል ሰው በዚህ አባባል ውስጥ ቦታው የት ነው? የሰማውን ይዞ እንዳይኖር «ይረሳል» ተብሏል፤ የተጻፈውን እንዳይወርስ ዓይኑ አልረዳውም። ታዲያ ከሁለቱም ወጥቶ ሊቀር ነው? ይህ ጥያቄ የዛሬ አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ አስቀድሞ በአገራችን መልስ የተሰጠበት፣ መልሱ ግን ከመንገድ አጋማሽ ላይ የቆመ ጥያቄ ነው።

ዛሬ አካል ጉዳተኞችን መልሶ ስለ ማቋቋም ሲነገር፣ ራሱን ከተጠቃሚው ጋር ስለሚያስማማ መሣሪያ መነጋገር የተለመደ ሆኗል። የሰውየውን አረማመድ እየለካ የሚጠነክርና የሚላላ ሰው ሠራሽ ጉልበት፣ በመስኮቱ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ኮምፒውተር የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ሐሳቡ ግን ከመሣሪያው በዕድሜ ይበልጣል። ሰውየው ለትምህርቱ ይመች ወይስ ትምህርቱ ለሰውየው? ነገሩ ሲጠቀለል ይኸው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ ይዞ ከአንድ የጋይንት ደብር ተነሥቶ እስከ ስድስቷ የብሬል ነጥብ መጓዝ ነው።

ከሣር ክዳን ሥር

ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ፣ በጋይንት ምድር የምትገኘው ቤተ ልሔም ስሟን ከጌታ የትውልድ ከተማ ወስዳለች። በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓኬናም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ወደ ስፍራው ደርሶ ነበር። ከውጭ ያገኘው እንደ አገሩ ልማድ ክብ ሆኖ በሣር የተከደነ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን በዚያ ክብ ክዳን ሥር ሌላ ሕንፃ፣ በጥንቱ የአክሱም ወግ በድንጋይና በእንጨት የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኘ። ነገሩን ለውጭው ዓለም አስታወቀ፤ በመጽሐፉም ጻፈው። የደብሩ ካህናት ግን መቼም ጠፍቶባቸው አያውቅም።

ቤተ ልሔም በሊቃውንቱ ዘንድ የምትታወቀው ከሕንፃዋ ይልቅ በድጓዋ ነው። ድጓ የዓመቱን በዓላትና ሰንበታት የዜማ አገልግሎት የያዘ፣ ትውፊት ለስድስተኛው መቶ ዓመት ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው ታላቅ መጽሐፍ ነው። ዮሐንስ፣ አስተምህሮና ፋሲካ ተብሎ ይከፈላል፤ ለዐቢይ ጾም የሚሆነው ክፍል ጾመ ድጓ ይባላል። ዜማው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ነው። ተማሪው በየትም አገር ድጓ ቢማር፣ ሊቅነቱ የሚመሰከርለት ቤተ ልሔም ገብቶ ሲያስመሰክር ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚያስመሰክርበት ዙር አምባም እዚያው ጋይንት ውስጥ ነው። የአንድ አገር ሰው ሁለት የዜማ ምስክር ቤት በደጁ ይዞ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ዓይን የማያስፈልግበት ሰዓት

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ የሚሄድ ይመስለናል። አሠራሩን ለሚያውቅ ግን ትምህርቱ ሁለት ሰዓት አለው። ንባብ ቤት ያለው ልጅ ቀን በብርሃን ዳዊቱን ዘርግቶ ይደግማል። ሲመሽ መጽሐፉ ይታጠፋል፤ ያን ጊዜ «የቃል ትምህርት» ይጀመራል። ውዳሴ ማርያሙንና ሌላውን ጸሎት መምህሩ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ በቃል ይነግራል፤ ልጆቹ ተቀብለው ይደግማሉ። መብራት የለም፤ ቢኖርም ለዚህ አያስፈልግም። ጨለማው የሚያየውንና የማያየውን ልጅ እኩል ያደርጋቸዋል።

ይህ የማታ ሥርዓት ለዓይነ ስውራን ታስቦ የተሠራ አይደለም። ዘይትና ጧፍ ውድ በሆነበት አገር ለሁሉም ተብሎ የተገኘ ብልሃት ነው። ይሁን እንጂ ለሁሉም የተበጀው ነገር ለማያየው ልጅ ከማንም በላይ ጠቀመው። በጋራ ሥርዓት ውስጥ ገባ እንጂ «ልዩ» ተብሎ አልተነጠለም። መቋሚያም እንዲሁ ነው። ማኅሌት ረጅም ነውና መዘምራኑ ሁሉ፣ ጎልማሳውም ሽማግሌውም፣ መቋሚያ ይደገፋሉ። ሁሉም በተደገፈበት ስፍራ በዘንግ የሚሄደውን ማን ለይቶ ያየዋል?

በድጓ ቤት ያለው የአስተማመር ዘዴም ለጆሮ የቀረበ ነው። መምህሩ ዜማውን ይመራሉ፤ ተማሪው ይቀበላል። ሲያዘነብል ይመለሳል፤ ሲያፋልስ ይታረማል። ብዙ ተማሪ በየፊናው ሲያዜም ተቀምጠው የሚያደምጡ መምህር፣ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የሳተውን አንዱን ለይተው «ተመለስ!» ይሉታል። ፈጣኑን ያስኬዱታል፤ ዘገምተኛውን በዚያው ያቆዩታል። አንድ ቀለም ለሁሉም በአንድ ቀን አይሰጥም፤ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ይቀጽላል። እያንዳንዱን ሰምቶ፣ የሳተውን ለይቶ፣ እንደየሰዉ ማረም የዚህ ትምህርት ዋና ብልሃት ነው። ይህን አሠራር ልብ ይሏል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ምልክቱና ጆሮው

ድጓ መጽሐፍ ነው ብለናልና የማያየው ተማሪ ከዚህ ላይ ምን ይጎድለዋል? ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚሠፈረውን የዜማ ምልክት ትውፊት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። እነዚህ ሊቃውንት የአማራ ሳይንቷ የተድባበ ማርያም ሰዎች ናቸው። ዘመኑ የግራኝ ጦርነት ያለፈበት፣ ብዙ መጻሕፍት የተቃጠሉበት፣ ብዙ ሊቃውንትም ያለቁበት ነበር። በቃል የነበረው ነገር እንዳይጠፋ በጽሕፈት መታሰር እንዳለበት ያን ጊዜ ታየ ማለት ነው። አባባላችን እውነትነቱ የጎላው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ምልክቶቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ድርስና አንብር የሚባሉት አሥሩ ናቸው፤ ድምፁ ሲወርድ፣ ሲቆረጥ፣ ሲርገበገብ ያመለክታሉ። ሊቃውንቱም በሕማማተ ክርስቶስ ይመስሏቸዋል። ሁለተኛው ወገን በመቶዎች የሚቆጠር የፊደል ምልክት ነው። ከአንድ የታወቀ ቃል አንድ ወይም ሁለት ፊደል ተወስዶ «ይህን ስፍራ በዚያ ቃል ዜማ በለው» የሚል ማስታወሻ ይሆናል።

ነገሩ ከዚህ ላይ ነው። ምልክቱ የሚያስታውሰው የሚያውቀውን ሰው ብቻ ነው። ዜማውን በጆሮው ላልተቀበለ ሰው ያ ፊደል ምንም አይነግረውም። ስለዚህ የማያየው ተማሪ ለመማር ሲነሣ የሚጎድለው እኛ ከምናስበው ያነሰ ነው፤ ዋናውን ነገር፣ ድምፁን፣ እንደ ጓደኞቹ ከመምህሩ አፍ ያገኘዋል። ጉድለቱ የሚመጣው በኋላ ነው። የድጓ ተማሪ ወጉ መጽሐፉን በገዛ እጁ መጻፍ ነው። ብራናውን ይፍቃል፣ ያሰምራል፣ ቃሉን ይጽፋል፣ ምልክቱን ያኖራል። ከዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚባለውን ዜማ ቢዘነጋ ገልጦ ያየዋል። በሁለት መምህራን መካከል ልዩነት ቢሰማ ያመሳክራል። ሲሞትም መጽሐፉ ለደቀ መዝሙሩ ይቀራል። ዓይነ ስውሩ ግን ይህ ሁሉ የለውም። የሰማውን ሁሉ በራሱ ተሸክሞ ይኖራል፤ ሲረሳም ሌላ ሰው ካልረዳው የሚገልጠው ነገር የለም። መማርን ያልነፈገው ቤት መውረስንና ማውረስን ነፈገው።

አራት ዓይና

በሊቃውንቱ አነጋገር ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን፣ አራቱንም ጉባኤ የጨረሰ ሰው «አራት ዓይና» ይባላል። ዕውቀት በዓይን መቆጠሩ ለማየት የታደለውን የሚያሞግስ ይመስላል። ስናጤነው ግን ተቃራኒው ነው። ዓይን ከተወለዱ በኋላ በትምህርት የሚገኝ ከሆነ ፊት ላይ ያሉት ሁለቱ ብቻቸውን አይበቁም፤ ሁለቱን ያጣም ሰው አራቱን ሊያገኝ ይችላል።

ለዚህ ምስክር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጎጃሙ ሊቅ አለቃ አያሌው ታምሩ የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት በሕፃንነታቸው ነው። በአብነት ትምህርት ቤት አድገው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሊቃውንት ጉባኤ ሰብሳቢ እስከ መሆን ደርሰዋል። «መች ተለመደና ከተኩላ ዝምድና» እና «የኢትዮጵያ እምነት በሦስቱ ሕግጋት» የተባሉትን ጨምሮ መጻሕፍት አሳትመዋል። በ1999 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በሐሳባቸው የተስማማም ያልተስማማም በሊቅነታቸው አልተጠራጠረም። ከእኛ አልፈን ብንመለከት፣ በሦስት ዓመቱ ገደማ በዓይን ሕመም የታወረው ግብፃዊው ጣሃ ሑሴን ቁርአንን በቃሉ ይዞ፣ በአል አዝሃር አልፎ የአገሩ የትምህርት ሚኒስትር ሆኗል። በቃል የሚያስተምር ቤት ባለበት ሁሉ ለማያየው ልጅ አንድ በር ክፍት ነበር።

ይሁንና የራስን ቤት ማሞገስ ብቻ ታሪክ አይሆንም። በሩ ክፍት ቢሆንም ጠባብ ነበር። የማያየው ሊቅ መምህር ሊሆን ይችላል፤ ቀድሶ ለማቁረብ ግን ዓይን ይፈለጋልና የክህነቱ መንገድ ዝግ ነበር። ተማሪ ሁሉ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል፤ ለሚያየው ይህ የትምህርት ዘመኑ ወግ ሲሆን ትምህርቱን ላልጨረሰ ዓይነ ስውር ግን የዕድሜ ልክ መተዳደሪያ ሆኖ ይቀር ነበር። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሴት ልጅ በዚህ በር የምትገባበት ወግ አለመኖሩ ነው። የማታየው ወንድ ልጅ ወላጆች «የኔታ ዘንድ እንውሰደው» የሚሉበት ተስፋ ነበራቸው። የማታየዋ ሴት ልጅ ወላጆችስ ወዴት ይወስዷት ነበር?

ወስፌና ነጥብ

አሁን ወደ ፈረንሳይ አገር እንሻገር፤ የጎደለው የጽሕፈት ነገር መፍትሔ ያገኘው በዚያ ነውና። ሉዊ ብሬል በ1809 እ.ኤ.አ. ኩቭሬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የፈረስ ዕቃ የሚሠራ ቆዳ ሠሪ ነበር። ልጁ በሦስት ዓመቱ በአባቱ መሥሪያ ቤት ሲጫወት ስለታም መሣሪያ ዓይኑን ወጋው፤ መሣሪያው ወስፌ ነበር ይባላል። ሕመሙ ወደ ሌላው ዓይኑ ተላልፎ ፈጽሞ ታወረ። ፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ሻርል ባርቢዬ የተባለ የጦር መኮንን ያወጣው በጣት የሚዳሰስ የነጥብ ጽሕፈት ደረሰው። ጽሕፈቱ እስከ አሥራ ሁለት ነጥብ ስለሚደረድር ጣት በአንድ ዳሰሳ አይጠቀልለውም ነበር። ብሬል በ15 ዓመቱ፣ በ1824 እ.ኤ.አ. ነጥቦቹን ወደ ስድስት አወረዳቸው። ስድስት ነጥብ በጣት ጫፍ ልክ ነው። ባርቢዬ ጣትን ለጽሕፈቱ ሊያለማምድ ሞከረ፤ ብሬል ጽሕፈቱን በጣት ልክ ሰፋው። የሁለቱ ልዩነት ይኸው ነው፤ የታሪኩም ቁም ነገር ይኸው ነው።

ከዚህ የሚቀጥለው ለድጓ አገር ሰው ይበልጥ ይደንቃል። ብሬል የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነበር። በ1829 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ነጥቡ ቃላትን፣ ሙዚቃንና የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ለመጻፍ የሚያገለግል መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ የዓይነ ስውራን ጽሕፈት ገና ሲወለድ የዜማ ጽሕፈት ጭምር ሆኖ ነው የተወለደው።

የእኛም ጸሐፍት ወስፌን ያውቁታል። ብራና ፋቂው ከማስመሩ በፊት የመስመሩን መነሻና መድረሻ በወስፌ ይወጋል፤ በመስመሮቹ ጫፍ ያሉትን ቀዳዳዎች በአሮጌ መጻሕፍት ላይ ዛሬም ማየት ይቻላል። ዓይነ ስውሩም ተማሪ የብሬሉን ሰሌዳ ከወረቀቱ ላይ ገጥሞ በወስፌ መሰል መውጊያ ነጥብ በነጥብ ይጽፋል። ነጥቡ የሚያብጠው በወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ ከቀኝ ወደ ግራ ጽፎ፣ ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። ሁለቱ እጆች፣ የብራና ጸሐፊውና የብሬል ጸሐፊው፣ አንድ ዓይነት መሣሪያ ይዘው ኖረዋል፤ ግን አልተገናኙም።

መርሐ ዕውራን

በአገራችን ለዓይነ ስውራን የተከፈተ የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት በ1917 ዓ.ም. ገደማ በደምቢ ዶሎ አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን የጀመሩት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የሰበታው ትምህርት ቤት ተከፍቶ መርሐ ዕውራን ተባለ፤ የዕውራን መሪ ማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ። ፊደላችንም በነጥብ ተጻፈ። ከ200 በላይ የሆነውን የፊደል ገበታ በስድስት ነጥብ መያዝ አይቻልም፤ ስድስት ነጥብ ከ63 በላይ ቅርጽ አያወጣምና። መፍትሔውም ድምፁን ከፍሎ ተነባቢውን ለብቻው፣ አናባቢውን ለብቻው መጻፍ ሆነ። ጽሕፈቱ እንደገና ራሱን ለጣት አስማማ።

በዚህ መንገድ መምህራን፣ የሕግ ባለሙያዎችና ጋዜጠኞች ወጡ። ሆኖም ሌላ ችግር አብሮ መጣ። ብሬል የሚማረው ልጅ ከወላጆቹ መንደር ተለይቶ ሩቅ አዳሪ ቤት መግባት ነበረበት። እዚያ ፊደል ያገኛል፤ የመንደሩን የኔታ ግን ያጣል። አብነት ቤት የቀረው ደግሞ የኔታን ያገኛል፤ ፊደል ግን የለውም። አንዱ ቤት መጽሐፍ ይሰጣል፤ ሌላው ዜማ። ሁለቱን አገናኝቶ «ድጓውን በነጥብ ጻፍ» የሚል ሥርዓት ሳይቆም ዘመን አለፈ። ጥፋቱን በአንዱ ወገን ላይ መጫን አይገባም። አዲሱ አሮጌውን ልመና አድርጎ አየው፤ አሮጌው አዲሱን የባዕድ ሃይማኖት መግቢያ አድርጎ ፈራው። የተጎዳው ግን በመካከል ያለው ልጅ ነው።

የመርከቡ መሪ

አሁን ወደ ጀመርነው መሣሪያ እንመለስ። በ1948 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኖርበርት ዊነር ስለ ማሽንና ስለ ሕያዋን ቁጥጥር የሚናገር መጽሐፍ አወጣ። ለአዲሱ ዕውቀት የሰጠው ስም «የመርከብ መሪ» ከሚለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። መሪው ነፋሱን አይቶ መቅዘፊያውን ያዞራል፤ ውጤቱን አይቶ እንደገና ያርማል። ይህ የውጤት ተመልሶ መምጣት በዛሬው አማርኛ ግብረ መልስ ይባላል። ዊነር በዚሁ ሐሳብ መስማት ለተሳናቸው ድምፅን ወደ ጣት ንዝረት የሚለውጥ ጓንት እስከ መሞከር ደርሷል። በ1997 እ.ኤ.አ. ኦቶ ቦክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው የኤሌክትሮኒክስ ጉልበትም እርምጃ በተራመዱ ቁጥር ሁኔታውን ለክቶ ራሱን ያስተካክላል።

ሰምቶ ማረም፣ እንደየሰዉ አቅም ማስኬድ፣ የሳተውን መመለስ፤ ይህን የት ሰምተናል? በድጓ ቤት ነው። የኔታ ያለ ኤሌክትሪክ ይሠሩት የነበረው ይህንኑ ነው። የሰበታው ትምህርት ቤትና የዊነር ዕውቀት ስማቸው በ«መሪ» መገጣጠሙም የሚያስገርም ነው። ይህን የምለው ሁሉ ነገር ከእኛ ነው የሚለውን ከንቱ ውዳሴ ለመጨመር አይደለም። የኔታ ጉልበት አልሠሩም፤ ነጥብም አላወጡም። ነገር ግን አዲሱ መሣሪያ ሲመጣ የሚያርፍበት የራሳችን መሠረት አለ ለማለት ነው።

መሠረቱን ለመጠቀም ብዙ አያስፈልግም። ብዙው የድጓ ምልክት ከፊደል የተወሰደ ነው፤ ፊደሉም ነጥብ አለው። የቀሩት አሥሩ ናቸው። ለአሥር ምልክት አሥር የነጥብ ቅርጽ ማውጣት ለሊቃውንትና ለብሬል መምህራን አንድ ጉባኤ የሚበቃው ሥራ ነው። ድምፅ የሚቀርጸው ስልክና የሚያነበው ኮምፒውተርም በዚያው ላይ ይጨመራሉ። ያን ጊዜ የማያየው ደቀ መዝሙር መጽሐፉን በገዛ እጁ ጽፎ ቤተ ልሔም ይገባል፤ ሲያርፍም የሚያወርሰው ይኖረዋል።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ነው የሚል ካለ ቁጥሩን ይመልከት። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውራን ነበሩ። የግማሹ ምክንያት የዓይን ሞራ ሲሆን 11.5 ከመቶ የሚሆነው በትራኮማ የመጣ ነው። በትራኮማ አብዝቶ ከተጎዳው አካባቢ አንዱ ራሱ ደቡብ ጎንደር፣ የቤተ ልሔም አገር ነው። አብዛኛው በወቅቱ ቢታከም የሚድን ነበር። ትራኮማ ደግሞ ከወንዱ ይልቅ ልጅ የምታዝለውን ሴት ይጎዳል። የድጓ ቤቱ በር ያልተከፈተላት ያችው ሴት ናት።

ስለዚህ ነገራችንን በአንዲት ሴት እንጨርስ። የትነበርሽ ንጉሤ የተወለደችው በአማራ ሳይንት፣ የድጓ ምልክት ሠሪዎቹ የጌራና የራጉኤል ደብር ባለበት አገር ነው። በአምስት ዓመቷ ዓይኗ ታወረ። ዓይነ ስውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ እንዳተረፋት ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። ሻሸመኔ ባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ብሬል ተምራ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት ስትሟገት ቆይታ በ2017 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበለች። ዜማ ከጠፋብን ብለው ፊደልን ምልክት ካደረጉት ሊቃውንት አገር፣ ፊደልን በጣቷ ያነበበች ልጅ ወጣች። የወጣችው ግን አገሯን ለቅቃ ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። እንግዲህ የሚወረሰውን መጽሐፍ ወራሹ በሚያነብበት እጅ መጻፍ የኛ ፋንታ ነው።